የመመረቂያው ፕሮጀክት ከዲፌንስ በኋላ

ባሕር ዳር ወይም ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ኤሌክትሪካል ምሕንድስና ያጠና ልጅ አርዱይኖን ያውቃታል። ከመዳፍ የማትበልጥ ሰሌዳ ናት። በዩኤስቢ ገመድ ከላፕቶፕ ጋር ትገናኛለች፤ ጥቂት መስመር ኮድ ይጫንባታል፤ ከዚያ በኋላ የአፈር እርጥበት ትለካለች፣ ፓምፕ ታስነሳለች፣ መብራት ታጠፋለች። የመመረቂያ ፕሮጀክት ወቅት ሲደርስ በየዶርሙ አልጋ ላይ ከነሽቦዋ ተዘርግታ የምትታየው እሷ ናት። እኛ እጅ የሚገቡት አብዛኞቹ ቻይና ውስጥ የተሠሩ ቅጂዎች ናቸው። እንዲህ መቅዳቱ ግን ስርቆት አይደለም፤ ንድፏ ማንም ወስዶ እንዲሠራው በነፃ የተለቀቀ ነውና።

ንድፉን በነፃ የለቀቁት የዲዛይን መምህራንና ተማሪዎች ናቸው። ኢቭሪያ በሰሜን ጣሊያን ያለች ትንሽ ከተማ ናት፤ ስሙ በእኛም መሥሪያ ቤቶች ይታወቅ የነበረው የኦሊቬቲ ጽሕፈት መኪና አገር። እ.ኤ.አ. በ2001 እዚያ የኢንተራክሽን ዲዛይን ተቋም ተከፈተ። ዘርፉ ሰውና መሣሪያ የሚግባቡበትን መንገድ ይነድፋል፦ ቁልፉ የት ይቀመጥ፣ ማሽኑ ሲበላሽ ለባለቤቱ ምን ብሎ ይንገረው፣ ማንበብ የማይችል ሰው በምን ይረዳ። ተማሪዎቹ ሐሳባቸውን በሚሠራ ነገር ማሳየት ነበረባቸው። ብዙዎቹ ግን ከሥነ ጥበብና ከዲዛይን የመጡ ስለነበሩ ኤሌክትሮኒክስ አያውቁም፤ ገበያ ላይ የነበረውም ሰሌዳ ውድ ነበር። ኤርናንዶ ባራጋን የሚባል ኮሎምቢያዊ ተማሪ ዋይሪንግ የተባለ ቀላል ሰሌዳና የኮድ መጻፊያ ሠርቶ የማስተርስ መመረቂያው አደረገው። አማካሪዎቹ ማሲሞ ባንዚና ኬሲ ሪያስ ነበሩ። ሪያስ ከቤን ፍራይ ጋር ሆኖ ፕሮሰሲንግ የተባለውን፣ ለሥነ ጥበብ ሰዎች የተዘጋጀ የኮድ መጻፊያ የፈጠረ ሰው ነው፤ ዋይሪንግም ከዚያው ተነሣ። እ.ኤ.አ. በ2005 ባንዚ፣ በስዊድን ማልሞ ዩኒቨርሲቲ የነበረው ዳቪድ ኳርቲዬስና ሌሎች ባልደረቦቻቸው የዋይሪንግን ሐሳብ ይዘው ዋጋዋ የረከሰ ሰሌዳ አወጡ። በከተማው ባለ አንድ መጠጥ ቤት ስምም አርዱይኖ አሏት። ተቋሙ ያን ጊዜ ሊዘጋ ተቃርቦ ነበር፤ ንድፉ አብሮ እንዳይቀበር ብለው ሁሉንም በይፋ ለቀቁት።

ከአንዱ ትምህርት ቤት ወደ ሌላው የተሻገረው ምን እንደሆነ ልብ ይሏል። ለዐውደ ርእይ የተወለወለ ሥራ ቢሆን ኖሮ አይተው አድንቀው ይለያዩ ነበር። የተሻገረው በመንገድ ላይ ያለው ነገር ነው፤ የሰሌዳው ንድፍ፣ ኮዱ፣ አጠቃቀሙንም የሚያስረዳው ጽሑፍ። የኢቭሪያው ተማሪ ያቆመበት ቦታ ለማልሞው መምህር መነሻ ሆነ፤ የማልሞው ያቆመበት ደግሞ ዞሮ ዞሮ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፖሊ ግቢ ደረሰ። አውሮፓውያኑ ይህን ልምድ ያዳበሩት በብልሃት ብቻ አይደለም፤ በሥርዓትም ነው። ኢራስመስ የተባለው የተማሪዎች ልውውጥ ከ1987 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ፤ አንድ ተማሪ ግማሽ ዓመት ሌላ አገር ተምሮ ሲመለስ ውጤቱ ይያዝለታል።

እኛ ዘንድ ሰው አይንቀሳቀስም እንዳይባል፣ እንዲያውም በሰፊው ይንቀሳቀሳል። በትምህርት ሚኒስቴር ምደባ የምዕራብ ጎጃሙ የጃቢ ጠህናን ልጅ ጅማ ወይም አርባ ምንጭ ይደርሰዋል፤ የወላይታው ልጅ ደብረ ማርቆስ ይመደባል። አራትና አምስት ዓመት እዚያው ኖሮ፣ የሌላ አገር እንጀራ በልቶ፣ ወዳጅ አፍርቶ ይመለሳል። ከአውሮፓው ልውውጥ የበለጠ ረጅም ቆይታ ነው። ሥራው ግን አብሮት አይሄድም። የጅማው ተማሪ በመስኖ ላይ የሠራውን የባሕር ዳሩ አያየውም፤ የባሕር ዳሩን የደብረ ማርቆሱ አያየውም፤ ይባስ ብሎም ዘንድሮ የሚመረቀው ያው ዲፓርትመንት ውስጥ አምና የተሠራውን በደንብ አያውቀውም።

ሂደቱን ያለፈበት ሰው ያስታውሰዋል። አራት ወይም አምስት ልጆች በቡድን ይሆናሉ፤ ርዕስ ያስጸድቃሉ፤ አድቫይዘር ይመደብላቸዋል። ፕሮፖዛል፣ ሰርኪውት፣ ሲሙሌሽን፣ ከዚያ ዕቃ ፍለጋ። ሴንሰር አዲስ አበባ ላለ ዘመድ ተደውሎ በአውቶብስ ይላካል። የዲፌንስ ዕለት ሱፍ ተለብሶ ይቀርባል፤ ኤግዛሚነሩ ውኃ በብርጭቆ አስመጥቶ አፈሩ ላይ ያፈሳል፤ ፓምፑ ቀጥ ይላል፤ ይጨበጨባል። ወረቀቱ ተጠርዞ ለዲፓርትመንቱ ይገባል፤ ሰሌዳዋ ተነቅላ ወደ ስቶር ትመለሳለች ወይም ለታናናሾች ትሸጣለች። በዓመቱ ሌላ ቡድን “በአርዱይኖ የሚሠራ አውቶማቲክ መስኖ” ብሎ እንደገና ከዜሮ ይነሣል።

ርዕሱ መደጋገሙን ብዙ መምህራን እንደ ስንፍና ያዩታል። እኔ አይመስለኝም። የመስኖ ችግር በአንድ ቡድን በአንድ ሴሚስተር የሚያልቅ አይደለምና አሥር ቡድን ቢሠራው ይገባዋል። ክፋቱ ከአሥሩ አንዳቸውም ሁለተኛ አለመሆናቸው ነው፤ ሁሉም አንደኛ ናቸው።

አንድ ትንሽ ነገር ቀረብ ብለን እንይ። በእነዚህ ፕሮጀክቶች ላይ የምትገጠመው ማሳያ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓይነት ናት፤ ሁለት መስመር ያላት፣ በየመስመሩ 16 ፊደል የምትይዝ፣ ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ የምታበራ። መቆጣጠሪያ ቺፗ የጃፓኑ ሂታቺ ካወጣው የተቀዳ ነው። ስለዚህ ከፋብሪካ ስትወጣ የላቲን ፊደል ታውቃለች፤ ብዙዎቹ የጃፓንኛም ጨምረው ያውቃሉ። የእኛን ፊደል አታውቅም። ልጆቹም አፈሩ ሲደርቅ ማሳያዋ በእንግሊዝኛ “አፈሩ ደርቋል” እንድትል አድርገው ያስረክባሉ። ኤግዛሚነሩ እንግሊዝኛ ስለሚያነብ ጥያቄ አይነሣም።

ማሳያዋ ግን ስምንት ባዶ ቦታ አላት። እያንዳንዱ ቦታ ወርዱ 5፣ ቁመቱ 8 ነጥብ ነው፤ ተጠቃሚው የፈለገውን ምልክት ይስልበታል። አሁን ቁጠሩ። “ደረቅ” ሦስት ፊደል ነው። “እርጥብ” አራት ነው። የሚደገም የለም፤ ሰባት። ስምንተኛው ላይ የውኃ ጠብታ ይሳልበት። የመስኖ መሣሪያ ከገበሬ ጋር ለመነጋገር ከሁሉ በፊት የሚያስፈልጉት ሁለት ቃላት፣ በዚህች ርካሽ ማሳያ ላይ፣ ምንም ተጨማሪ ዕቃ ሳይገዛ ይገባሉ። ቀላል ግን አይደለም። “ጥ”ን በአምስት ነጥብ ወርድ ላይ እግሩና ቅጥያው ሳይደባለቅ መሳል ትዕግሥት ይጠይቃል፤ “ረ” እና “ር” በጥላ ውስጥ ሲታዩ እንዳይምታቱ ደጋግሞ ለሰው ማሳየት ያስፈልጋል። አንድ ልጅ ሁለት ሳምንት ቢፈጅበት አይገርምም። አንዴ ከተሣለ በኋላ ግን፣ ሰባት ፊደል በስምንት ረድፍ፣ የሃምሳ ስድስት ቁጥሮች ጉዳይ ነው። በሞባይል መልእክት ይላካል። ያን ሁለት ሳምንት ሁለተኛ ማንም እንዳያጠፋው ማድረግ ይቻላል።

እንዲህ ያሉ ትናንሽ ነገሮች ብዙ ናቸው። የሰዓት ሞጁሉ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ ዜሮ ይላል፤ በምዕራብ ጎጃም የፍኖተ ሰላም ዙሪያ ገበሬ ግን ቀኑን የሚጀምረው ጧት ነው፤ ለእሱ ሁለት ሰዓት ማለት ፀሐይ ሞቅ ስትል ነው። ዓመቱ አሥራ ሦስት ወር አለው፤ ጳጉሜን አንዴ አምስት፣ አንዴ ስድስት ቀን ትሆናለች። ገበሬው ዘር የሚዘራበትን ጊዜ ሲናገርም ከሰኔ ሚካኤል በፊት ወይም በኋላ ብሎ ነው። መሬቱን በቃዳ ይቆጥራል፤ አራት ቃዳ አንድ ሄክታር ገደማ ነው። የሚሠራለት የስልክ መተግበሪያ ግን “የመሬትዎን ስፋት በሄክታር ያስገቡ” ይለዋል። ሦስት ቃዳ ያለው ሰው ዜሮ ነጥብ ሰባት አምስት ብሎ እንዲጽፍ መጠበቅ ነው። አራት መስመር ኮድ ይህን ይፈታዋል። ያን አራት መስመር ደግሞ በየዩኒቨርሲቲው የሚጽፍ ሰው አይጠፋም፤ ጽፎም ከጥራዙ ጋር ሼልፍ ላይ ያስቀምጠዋል።

ከፊደሉና ከሰዓቱ ይልቅ የሚከፋው ግን ማሳው ላይ ካልደረሱ በቀር የማይታየው ስሕተት ነው። የአውቶማቲክ መስኖ ፕሮጀክት ሁሉ መነሻ ሐሳብ አንድ ነው፦ አፈሩ ሲደርቅ ውኃ ይከፈት። ይህ ለአበባ እርሻ ወይም ለዩኒቨርሲቲው ግቢ ሣር ይሠራል። በጎጃም ባህላዊ መስኖ ግን ውኃው የጋራ ነው፤ በተራ ይጠጣል። ተራውን የሚያስከብር የውኃ አባት አለ፤ ገበሬዎቹ የመረጡት፣ ጠብ ሲነሣ የሚዳኝ። የአንዱ ማሳ ማክሰኞ ቢደርቅ ተራው ዓርብ ከሆነ ዓርብን ይጠብቃል። ሴንሰሯ ማክሰኞ ሌሊት ቦዩን ብትከፍት አትክልቱን ታድን ይሆናል፤ ባለቤቱን ግን ከጎረቤቱ ጋር ታጣላዋለች። ስለዚህ ለዚህ አገር የሚሆነው መሣሪያ ምናልባት ውኃ የሚከፍት ላይሆን ይችላል። የማን ማሳ ይበልጥ እንደደረቀ ለውኃ አባቱ የሚነግር፣ ተራ ሲለዋወጡ የሚመዘግብ ሊሆን ይችላል። ወይም ይህም አያስፈልግም ይሉ ይሆናል። መጠየቅ ነው። በራሱ ሞተር ከብር ወይም ከፈጣም ወንዝ የሚስበው ደግሞ ሌላ ጥያቄ አለው፤ እሱን የሚያሳስበው የነዳጅ ዋጋ ነው።

የቀደመውን አንሥቶ ለገበሬው እንዲስማማ የማሻሻሉ ሥራ በአገራችን ተሠርቶ ያውቃል፤ ምሳሌውም ከሴንሰር ሳይሆን ከማረሻ ይገኛል። ዋልካ አፈር ክረምት ላይ ውኃ ይቋጥራል፤ ሰብሉ ሥሩ ይታፈናል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መቀመጫው አዲስ አበባ የነበረው ኢልካ የተባለ የእንስሳት ምርምር ማዕከል ከአገር ውስጥ ተቋማት ጋር ሆኖ፣ ሁለት ማረሻ በማጣመር ሰፊ መደብ የሚያወጣ መሣሪያ አሰናዳ። ሐሳቡ ደኅና ነበር፤ መሣሪያው ግን ለበሬውም ለገበሬውም ከበደ። በኋላ መለሰ ተመስገን የተባሉት ኢትዮጵያዊ የእርሻ መሣሪያ መሐንዲስ ያንኑ ሐሳብ ይዘው፣ ገበሬው በለመደው ማረሻ ላይ የሚገጠም ቀለል ያለ የብረት አካል ሠሩና አይባር ቢቢኤም ብለው አወጡት። ብዙ ወረዳ ውስጥ ገባ። የመጀመሪያው ሙከራ መክበዱ ባይታወቅ፣ ወይም ታውቆ ባይጻፍ ኖሮ ሁለተኛው ከየት ይነሣ ነበር? እኛ ተማሪዎቻችንን የምናስተምረው ያልሠራውን ነገር ከሪፖርቱ እንዲያወጡት ነው። ምዕራፍ አምስት ላይ “ሲስተሙ በተሳካ ሁኔታ ሠርቷል” ይላል፤ ማሳያዋ ፀሐይ ላይ እንደማትነበብ፣ ሴንሰሯ በሦስት ሳምንት እንደዛገች አይጽፍም። ለሚቀጥለው ቡድን የሚጠቅመው ይኸኛው ነበር።

በምዕራብ ጎጃም ገጠር ከመሣሪያ ጋር መነጋገር አዲስ ነገር አይደለም። የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ በ2006 ዓ.ም. ክረምት 8028ን ከፈተ። ገበሬው በባለ ቁልፍ ስልክ በነፃ ይደውላል፤ ቋንቋ ይመርጣል፤ ሰብሉን ይመርጣል፤ ስለ መሬት ዝግጅት፣ ስለ ዘር፣ ስለ ተባይ የተቀዳ ምክር ይሰማል። በሚሊዮን የሚቆጠር ጥሪ ተስተናግዶበታል። መጻፍና ማንበብ አለመጠየቁ፣ ርካሹ ስልክ ላይ መሥራቱ፣ ሒሳብ አለመቁረጡ የታሰበበት ንድፍ ነው። ሌላው ዲጂታል ግሪን ከግብርና ሚኒስቴር ጋር ያስፋፋው ዘዴ ነው። የአካባቢው ገበሬ ራሱ በቪዲዮ ይቀረጻል፤ የልማት ሠራተኛው በባትሪ በሚሠራ ትንሽ ፕሮጀክተር ለጎረቤቶቹ ያሳያል፤ አይቶ የጠየቀውንና የሞከረውን ይመዘግባል። ሰው የሚያውቀው ሰው ሲናገር ይሰማል፤ ይህን ማንም የመንደር ሰው ያውቀዋል፣ ንድፍ ያደረጉት ግን እነዚህ ናቸው።

ታዲያ ሁለቱም በተማሪዎቻችን ዘንድ የጥናት ርዕስ መሆን ነበረባቸው። 8028 ላይ የደወለ ሰው የትኛው ምርጫ ላይ ስልኩን ይዘጋል? የደንበጫ እናት “ለበቆሎ አንድን ይጫኑ” ሲባል ስልኩን ከጆሮዋ አውርዳ ቁልፉን እስክትፈልግ ድረስ ቀጣዩ ድምፅ ያመልጣታል ወይ? አንድ ከሰዓት በኋላ ሦስት ሰው አጠገብ ተቀምጦ በማየት የሚገኝ መልስ ነው። ላብራቶሪ አይጠይቅም። ሴንሰርም አይጠይቅም። የኢንተራክሽን ዲዛይን ትምህርት ዋና ክፍል ይኸው መቀመጥና ማየት ነው፤ እኛ ዘንድ ሲደርስ ግን ከሶፍትዌር ምሕንድስና ኮርሶች መካከል አንድ ኮርስ ሆኖ፣ በስላይድ ተነቦ፣ በምርጫ ጥያቄ ተፈትኖ ያልፋል።

ለዚህ ሥራ ፍኖተ ሰላምና ቡሬ የተመቹ ቦታዎች ናቸው። በባሕር ዳርና በደብረ ማርቆስ መካከል፣ በዋናው አስፋልት ላይ ናቸው። ቡሬ የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ካምፓስ አላት፤ የግብርና ተማሪዎች እዚያ አሉ። በ2013 ዓ.ም. የተመረቀው የተቀናጀ አግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ አለ፤ የፌቤላ ዘይት ፋብሪካ አለ። በዙሪያው በቆሎ፣ በርበሬ፣ ስንዴ፣ አሁን አሁን ደግሞ አቮካዶ። ወደ ባሕር ዳር ሲወጡ መራዊ አጠገብ 7,000 ሄክታር እንዲያለማ የተሠራው የቆጋ መስኖ ይገኛል። ባሕር ዳር ፖሊ በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት ትብብር ሲከፈት ከመጀመሪያዎቹ የትምህርት ዘርፎቹ አንዱ የእርሻ መካኒክስ ነበር። ዕቃ የሚሠራው ልጅ ባሕር ዳር፣ እርሻ የሚያውቀው ልጅ ቡሬ፣ ብየዳና ጥገና የሚችለው ልጅ ቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ተቀምጠዋል፤ በመካከላቸው ያለው ርቀት የግማሽ ቀን የሚኒባስ መንገድ ነው። መንገዱ ሰላም ሲሆን ማለቴ ነው።

ይህን የመጨረሻውን ሳይጠቅሱ ማለፍ አይቻልም። ከ2015 ዓ.ም. ነሐሴ ወዲህ በክልሉ በተፈጠረው ጦርነት የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ወራት ተቋርጦ ነበር፤ ብዙ ትምህርት ቤት ተዘግቷል፤ ገጠር ወርዶ ሙከራ ማድረግ የነፍስ ጉዳይ የሆነበት ጊዜ አለ። በዚህ ላይ ሆኖ ስለ ኦንላይን መጋራት ማውራት ቅንጦት ሊመስል ይችላል።

ለነገሩ ኦንላይኑ በነበረበት ጊዜም አልተጋራንም። የያኔው የሳይንስና ከፍተኛ ትምህርት ሚኒስቴር በመስከረም 2012 ዓ.ም. ብሔራዊ የክፍት ተደራሽነት ፖሊሲ አውጥቷል፤ በመንግሥት ገንዘብ የተሠራ ጥናትና የመመረቂያ ጽሑፍ ናድሬ በተባለው ብሔራዊ ዲጂታል ማከማቻ እንዲገባ ይጠይቃል። ጥሩ ፖሊሲ ነው። የሚከማቸው ግን ጽሑፉ ነው። የሰባቱ ፊደላት ቁጥሮች በፒዲኤፍ ውስጥ እንደ ፎቶ ተለጥፈው ቢገኙ የሚገለብጣቸው የለም። ኮዱ፣ የሰርኪውቱ ፋይል፣ የድምፅ ቅጂው በራሱ ፋይል መቀመጥ አለበት።

ኢንተርኔት ሲጠፋ ሰው ምን ያደርጋል የሚለውን ደግሞ ከተሞቹ መልሰውታል። በፍኖተ ሰላምም በቡሬም፣ እንደ ማንኛውም የወረዳ ከተማ፣ ሚሞሪ የሚጭኑ ሱቆች አሉ። ባለሱቁ ኮምፒውተሩ ላይ ዘፈን፣ መዝሙር፣ ፊልም፣ ስብከት በፎልደር በፎልደር አድርጎ ይዟል፤ ደንበኛው ሚሞሪውን አውጥቶ ይሰጠዋል፤ የሚፈልገውን ይጭንለታል። ተማሪውም ሃንድአውትና የድሮ ፈተና የሚቀባበለው በቴሌግራም፣ ኔትወርክ ሲጠፋ በፍላሽ ነው። የአንድ ዓመት የመመረቂያ ፕሮጀክቶች ኮድና ንድፍ በሙሉ ቢሰበሰብ ከአንድ ፊልም ያነሰ ቦታ ነው የሚይዘው። ከባሕር ዳር ቡሬ ካምፓስ በአንድ ፍላሽ ይደርሳል። መምህራን “መሠረተ ልማት የለም” ሲሉ ስሰማ ይህ ትዝ ይለኛል።

የተማሪዎቹ ስጋት ከዚህ ይለያል፤ “ሐሳቤን ይሰርቁኛል” ነው። ስጋቱ ከንቱ አይደለም። ባራጋንን እዩት፤ የአርዱይኖ መሠረት የእሱ መመረቂያ ሆኖ ሳለ ስሙ ለረጅም ጊዜ በዳር ቀርቶ፣ ኋላ ራሱ ታሪኩን ከሰነድ ጋር አስደግፎ እስኪጽፍ ድረስ ብዙ ሰው አላወቀውም። አማካሪ የተማሪን ሥራ በራሱ ስም ሲያሳትም አላየንም የሚልም በመካከላችን ያለ አይመስለኝም። ነገር ግን የባራጋን ታሪክ የሚያሳየው ማካፈሉ እንደጎዳው አይደለም፤ የጎዳው ስሙ በግልጽ አለመጠራቱ ነው። መጀመሪያ ማን እንደሠራው፣ ቀጥሎ ማን እንደቀየረው ፋይሉ ራሱ ላይ በስምና በዓመተ ምሕረት ከተጻፈ የሚሰርቀውም ያፍራል። ሼልፍ ላይ ያለ ጥራዝ ነው በቀላሉ የሚሰረቀው፤ ማንም አላየውምና።

ሌላው እንቅፋት የውድድር ልማዳችን ነው። የተማሪ ፈጠራ ለሕዝብ የሚታየው በአብዛኛው በሽልማት መድረክ ነው፤ አይኮግ የተባለው የቴክኖሎጂ ድርጅት ያዘጋጀው ሶልቭ አይቲ የተሰኘ ውድድር ጥሩ ምሳሌ ነው፤ በየክልሉ ልጆችን አነቃቅቷል። የውድድር ጠባዩ ግን መደበቅ ነው። የሚያሸንፈው ልዩ የሆነው እንጂ የሌላውን አንሥቶ ያሻሻለው አይደለም። ከአምና ቡድን ተረክቤ ሴንሰሩን እንዳይዝግ አደረግሁ የሚል ልጅ መድረክ ላይ ወጥቶ ምን ሊባል ነው? በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው የመውጫ ፈተናም ያንኑ የመጨረሻ ዓመት ይሻማል፤ ተማሪው ልቡ የሚሰቀለው ፈተናው ላይ ነው፣ ፕሮጀክቱን ግን ዲፌንስ እስኪያልፍ ድረስ ብቻ ያቆመዋል።

ከውጭ ጋር የሚደረገውን መጋራት በተመለከተ ጥርጣሬ አለኝ፤ አልደብቅም። የአውሮፓ ዲዛይን ተማሪ “ለአፍሪካ ገበሬ” ብሎ የሚሠራው ነገር ብዙ ጊዜ ለፖርትፎሊዮው ነው። ሁልጊዜ ግን እንዲህ አይደለም፤ የአዲስ አበባው የሕንፃ ኢንስቲትዩት ኢ.አይ.ኤ.ቢ.ሲ. ከጀርመኑ ባውሃውስ ዩኒቨርሲቲ ቫይማር ጋር የሠራው ለዚህ ይጠቀሳል። የሁለቱ ተቋማት ተማሪዎች አንድ ላይ ሆነው አነስተኛ ዋጋ ያለው መኖሪያ ነድፈው፣ በወረቀት ሳይተውት ግቢው ውስጥ ሙሉ መጠኑን ገንብተው አቆሙት። ቆሞ የሚታይን ነገር የሚመጣው ባች እየዞረ ያየዋል፣ ይነቅፈዋል።  እንዲህ ያለው ግንኙነት እኩል የሚሆነው እኛም የምናቀብለው ፋይል ሲኖረን ነው። የግዕዝ ፊደል በአምስት በስምንት ነጥብ፣ የኢትዮጵያ አቆጣጠር በሰዓት ሞጁል፣ በተራ የሚሠራ መስኖ፤ እነዚህን ማልሞ አትሠራልንም።

መነሻው ከመንግሥት ትልቅ በጀት የሚጠብቅ አይደለም። የዲፌንስ ነጥብ አሰጣጥ ላይ ሁለት መስመር መጨመር ይቻላል፦ ከቀደመ ቡድን ምን ወሰዳችሁ፣ ለሚቀጥለው ምን አስረከባችሁ። ተማሪ ነጥብ ያለበትን ይሠራል፤ ይህን መምህር ሁሉ ያውቃል። ከኤግዛሚነሮቹም አንዱ የልማት ሠራተኛ ወይም ገበሬ ቢሆን የእንግሊዝኛዋ ማሳያ በመጀመሪያው ደቂቃ ጥያቄ ይነሣባት ነበር።

ጊዜውም ይታይ። እንደ ወትሮው ሲሆን ርዕስ የሚጸድቀው አንደኛው ሴሚስተር አጋማሽ ላይ ነው፤ ዕቃው ተሟልቶ መሥራት የሚጀምረው ሚያዝያ ወይም ግንቦት ሲደርስ ነው፤ ዲፌንስ ሰኔ። ሰኔ ላይ ጎጃም ዝናብ ነው። የመስኖ ፕሮጀክቱ የሚሞከረው ሰማዩ ራሱ በሚያጠጣበት ወር፣ ገበሬው ከእርሻ ቀና በማይልበት ሳምንት ነው። የበጋ መስኖ ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ነው የሚካሄደው። የመስኖ ርዕስ የወሰዱ ቡድኖች ከአምና ተረክበው መስከረም ላይ ቢጀምሩ ጥር ላይ ማሳ ይደርሳሉ፤ የማይሠራውን አይተው ለማስተካከልም ሦስት ወር ይተርፋቸዋል። ርዕስ የሚጸድቅበትን ቀን ማስቀደም የዲፓርትመንት ስብሰባ የሚወስነው ጉዳይ ነው።